መስመሩን የነካው ሰው

ኢዮኤልን መጀመሪያ ያየችው የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። በሀገሪቱ የሕዝብ በዓል ማግስት ጠዋት ባልዲዋን አንጠልጥላ ከምድር ቤት ስትወጣ፣ ደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። እንቅልፍ የጣለው መስሏት በስሙ ጠራችው። ደግማ ልትጠራው ጎንበስ ስትል ከጭንቅላቱ ሥር የረጋውን ደም አየችና ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

ሳጅን የአለምወርቅ ብራምፎንቴይን ሠፈር ወዳለው ሕንፃ ስትደርስ የፈሰሰው ውሃ ገና አልደረቀም ነበር። አለቃዋ ካፒቴኑ የጠራት ተራዋ ስለሆነ አይደለም። «ሟቹ ያገርሽ ልጅ ነው» ብሎ ነው። ጀፕስታውን ሠፈር የሐበሻ ሱቅ ሲዘረፍም፣ ቶኮዛ ላይ ባለሱቅ ሲመታም የምትጠራው እሷ ናት። ልጅ ሆና ነው አባቷ እጇን ይዞ ወደዚህ ከተማ ያስገባት። እሱም ጀፕስታውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፤ ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፖሊስ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጢጥ ብላ ሟቹን ተመለከተች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ ሰዓቱ እጁ ላይ አለ። መነጽሩ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ግን ታጥፎ በጥንቃቄ ከጎኑ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ተከድነዋል።

ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ደረጃው መሀሉን ክፍት አድርጎ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ የደረጃው መደገፊያ ብረት ከአዋቂ ሰው ወገብ በታች ነው።

«ከሦስተኛ ፎቅ ነው የወደቀው» አለ ካፒቴኑ። «ላፕቶፑ ጠፍቷል። ትናንት በዓል ነበር፤ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲጠብስ ሌባ ሕንፃው ውስጥ ገባ፣ ይሄ ተጋፈጠው፣ ገፈተረው። አለቀ።»

«ስልኩንና ሰዓቱን ለምን ተወለት?»

«ደንግጦ ይሆናላ።»

«ደንግጦ ዓይን ይከድናል?»



*

ሕንፃው የማዕድን ርዕደት መከታተያ ማዕከል ነው። ኃላፊው ዶክተር ማሴኮ ቁመተ ረጅም፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ እጆቹን እያፍተለተለ አናገራት።

«ኢዮኤል ምን ነበር የሚሠራው?»

«ሽማግሌውን ያነብ ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ፕሮግራሙን ማለቴ ነው። እኛ ሽማግሌው ነው የምንለው።» ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «ከከተማው በስተምዕራብ ያሉት የወርቅ ጉድጓዶች በጣም ጥልቅ ናቸው። ድንጋዩ ከላይ ሲጫነው ይነዝራል። ታች የተተከሉ መሣሪያዎች ንዝረቱን ለክተው ይልኩልናል። ሽማግሌው ልኬቱን ተቀብሎ ያሰላና ‹ሰው ይውጣ› ወይም ‹ይቆይ› ይላል። ‹ይውጣ› ካለ ጉድጓዱ ላይ ሳይረን ይጮሃል።»

«ታዲያ ፕሮግራም ምኑ ይነበባል?»

ዶክተሩ ሳቅ እንደማለት ብሎ ወዲያው ተወው። «የጻፈው ሰው ከሞተ ቆይቷል። ከሱ በኋላ ተማሪው፣ እንግዳው፣ ጊዜያዊ ሠራተኛው ሁሉ እየቀጠለበት ነው የመጣው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቀውም። ማስታወሻው ግማሹ በአፍሪካንስ ነው፤ ግማሹ ጭራሽ የለም። ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማንም ሊነካው አይደፍርም። ኢዮኤልን የቀጠርነው እየለየ፣ እያጸዳ፣ ምን እንደሚል እንዲነግረን ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ አነበበው።»

«ጨረሰው?»

ዶክተር ማሴኮ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር።»

ፊቱን ማዞሩን ልብ አለችው፤ ለጊዜው ግን አለፈችው። እሱ የበዓሉን ቀን ሶዌቶ እናቱ ቤት፣ በዘመድና በጎረቤት መሀል ነው የዋለው። ያየው ሰው ብዙ ነው።

«ትናንት እዚህ ማን ነበር?»

«ውስጥ ኢዮኤልና ተረኛዋ ፍሬገነት ብቻ፤ በውጭው በር አንድ ዘበኛ አለ። እሷ ምድር ቤት ነው የምትቀመጠው። ንዝረት ሲመጣ አይታ፣ ቁልፍ ተጭና ትመዘግባለች። በበዓል ቀን ሥራዋ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል።» አንድ ወረቀት አትሞ ሰጣት። «ይኸው ከሽማግሌው መዝገብ። የመጨረሻው ምዝገባዋ እኩለ ቀን ላይ ነው። የምትወጣው በመኪና ማቆሚያው በኩል ስለሆነ የበሩ ዘበኛ አያያትም።»

የአለምወርቅ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ኢዮኤል ግን እኩለ ቀን አልፎ፣ በዚህ ሀገር አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆሳዕና ያሉትን እናቱን በስልክ አነጋግሯል። ስልኩ ይናገራል። ስለዚህ ፍሬገነት ስትወጣ በሕይወት ነበር።

*

ፍሬገነት የምትኖረው በርትራምስ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል። የአለምወርቅን ከቤተ ክርስቲያን በመልክ ታውቃታለች።

«ይግቡ እትዬ።»

ሳሎኑ ንጹሕና ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ባለቤቴ ነው» አለች ፍሬገነት። «አቢይ። የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው። ታች እንዳሉ ድንጋዩ ተደረመሰባቸው፤ ዘጠኝ ነበሩ።»

«ነፍስ ይማር። ሳይረኑ አልጮኸም?»

«አልጮኸም። አጣሪዎቹ ‹የተፈጥሮ ነው› ብለው ዘጉት።» እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ያን ቀን እኔም ተረኛ ነበርኩ። ንዝረቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ‹ይቆይ› አለ። እኔም መዘገብኩ። ባሌ እዚያ ሥር መሆኑን እያወቅሁ ‹ይቆይ› ሲል አምኜው ሻይዬን ጠጣሁ።»

የአለምወርቅ ወደ ፎቶው ቀና ብላ አየች። ከዚያ ስለ ኢዮኤል ጠየቀቻት።

«ወንድሜ ነበር» አለች ፍሬገነት። «ሐዘን ላይ ሳለሁ ከኔ ሳይለይ የቆየ እሱ ነው።»

«ትናንት መቼ ወጣሽ?»

«እኩለ ቀን ላይ። ከዚያ አቢይ መቃብር ሄድኩ።»

ስትወጣ የአለምወርቅ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ፍሬገነት ኢዮኤል እንዴት እንደሞተ አልጠየቀቻትም። መጠየቅ ሰልችቷት ይሆናል ብላ አሰበች። አባቷ የሞተ ጊዜ እሷም መጠየቅ የተወችበት ወቅት ነበር።

*

የኢዮኤል ታላቅ ወንድም አቢሶ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ በብረት ፍርግርግ የታጠረች፣ ዳቦና የስልክ ካርድ የምትሸጥ አንዲት ክፍል። የአለምወርቅ ስትደርስ ሱቁ ተዘግቷል። አቢሶ ውስጥ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነበር። የሠፈሩ ሴቶች በፍርግርጉ እጃቸውን እያስገቡ ትከሻውን ይነኩታል። «ቡቲ፣ ወንድማችን፣ አይዞህ» ይሉታል።

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው፣ ሴቶቹ ሲሄዱ።

«ማን አለ?»

«ስልኩ ላይ የላክህለትን አንብቤዋለሁ።»

አቢሶ ራሱን ያዘ። «እናታችን ታማለች። ‹ሂድና እያት› ብለው ‹ሥራዬን ሳልጨርስ አልሄድም› አለኝ። ‹የትኛው ሥራ ነው ከእናት የሚበልጠው?› አልኩት። ‹ብነግርህ አይገባህም› አለኝ። ይሄ አበሸቀኝ። መጥፎ ነገር ተናገርኩት።»

«የበዓሉ ቀን የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሱቅ።»

ውሸት ነበር። በማግስቱ ከማዕከሉ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ካሜራ የአቢሶን ነጭ ፒክአፕ፣ እዚህ ባኪ የሚሉትን፣ አሳየ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ካፒቴኑ ደስ አለው። «ወንድም ወንድሙን» አለ። አቢሶን አስመጡት።

ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ፈርቼ ነው እትዬ። የውጭ ሰው ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ሄድክ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

«አሁንም ትዋሻለህ! በስምንት ሰዓት መኪናህ እዚያ አልነበረም። ካሜራው አለ።»

«ስምንት ሰዓት ነው የሄድኩት፤ እናቴ ትሙት! ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች…»

የአለምወርቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህ ሰው በሀገር ቤት ሰዓት ነው የሚቆጥረው። አባቷም እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁለቱ ሰዓት እየተምታታባት ስንት ጊዜ ተሳስታለች። የሀገር ቤት ስምንት ሰዓት እዚህ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ነው። አቢሶ አልዋሸም።

«እሺ» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ከዚያስ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ቁጭ እንዳልኩ መሬቷ ነዘረች፤ ባኪው ተወዛወዘ። ከዚያ ‹ነገ እመጣለሁ› ብዬ ተመለስኩ።» እንባው አገጩ ላይ ወረደ። «አልገባሁም እትዬ። መንገዱን ብሻገር ኖሮ…»

የበሩ ዘበኛም መሰከረ፤ ባኪው ውስጥ የነበረው ሰውዬ አልወረደም። አቢሶን ለቀቁት።

*

ፎርድስበርግ ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ሙደሲር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አለ። ፖሊስ ሲቸግረው ይጠራዋል፤ ኢዮኤልንም ያውቀው ነበር። የኢዮኤል ላፕቶፕ ቢጠፋም ሽማግሌው ራሱ በማዕከሉ ዋና ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ሙደሲር ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት የተቀመጠውን ቅጂ አስመጥቶ ሁለት ቀን አፈጠጠበት።

«ሳጅን፣ ይሄ ፕሮግራም አይደለም፤ ፈርሶ የተሠራ፣ ተሠርቶ የፈረሰ ቤት ነው» አላት፣ ከገበያው የሚመጣውን ጩኸት ለማስቀረት መስኮቱን እየዘጋ። «አንዱ በር ወደ ግድግዳ ይከፈታል። አንዱ ክፍል መግቢያ የለውም። ለነገሮቹ የሰጧቸው ስሞች ኤክስ አንድ፣ ኤክስ ኤክስ ሁለት ናቸው፤ የምን እንደሆኑ የጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ኢዮኤል እንዴት እንዳላበደ አላውቅም።»

«የሚጠቅመኝ ነገር አገኘህ?»

ሙደሲር ፊቱ ጠቆረ። «ባላገኘሁ ይሻለኝ ነበር።» ስክሪኑን ወደሷ አዞረው። «ይህን መስመር ያዩታል? ከምዕራቡ ጉድጓድ የሚመጣውን ልኬት ሁሉ በግማሽ ይቀንሳል። ኃይለኛ ንዝረት ቢመጣ ሽማግሌው ደካማ አድርጎ ነው የሚያየው። ‹ይቆይ› ይላል።»

«የፍሬገነት ባል የሞተበት ጉድጓድ?»

«እሱ ነው። እና ይሄኛው» ጣቱን ከመስመሩ ግራ ባለው ጽሑፍ ላይ አሳረፈ፤ «ከየመስመሩ ጎን ማን እንደጻፈውና መቼ እንደጻፈው ይወጣል።»

የአለምወርቅ አነበበች። ኢዮኤል ይላል። ቀኑ ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው።



ካፒቴኑ ሲሰማ መዝገቡን ሊዘጋ ቸኮለ። «ዘጠኝ ሰው ገድያለሁ ብሎ ራሱን ጣለ። ቀላል ነው።»

«ራሱን የጣለ ሰው ላፕቶፑን ማን ወሰደለት?» አለች። «መነጽሩንስ ማን አጠፈለት?»

ግን በልቧ ተረብሻ ነበር። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ አቢሶ ደውሎ «አስከሬኑን መቼ ነው የምትሰጡን?» ሲላት፣ ወንድሙ ያደረገውን የምትነግረው እሷ ልትሆን እንደሆነ እያሰበች «እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ሙደሲር ራሱ ደወለ።

«ሳጅን፣ ተሳስቻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ የሞተ ሰው ስም አጉድፌያለሁ። ይምጡ።»

ስትደርስ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«የማዕከሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የድሮ ቅጂ ተገኘ። ኢዮኤል ገና ሕፃን ሳለ የተቀመጠ። ያ መስመር እዚያ አለ፤ ቁጥሩም ያው ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ነው የጻፈው። ከጎኑ በአፍሪካንስ ‹ጊዜያዊ ነው፣ አዲሶቹ መሣሪያዎች እስኪመጡ› ይላል። ያኔ ምዕራብ የነበሩት መሣሪያዎች አጋንነው ይለኩ ስለነበር በግማሽ ቀነሰው። መሣሪያዎቹ ከዓመታት በኋላ ተቀየሩ። መስመሩን ግን ማንም አላስታወሰውም።»

«ታዲያ የኢዮኤል ስም?»

«ፋይሉ ማለቂያ የሌለው አንድ ጥቅል ነበር። ኢዮኤል እንደተቀጠረ መጀመሪያ የሠራው እሱን በየክፍሉ መለየት ነው። መስመሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አዛወረው፤ አንድም ፊደል አልቀየረም። ኮምፒውተሩ ግን የሚያስታውሰው መጨረሻ የነካውን ሰው ብቻ ነው።» ሙደሲር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይህን የማውቅ ሰው ነኝ። ሆኖም ስሙን ሳይ አመንኩ።»

የአለምወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ስሙን አይቶ ካመነ፣ የማያውቅ ሰውማ ምን ይል ነበር? ከኪሷ ያንን ዶክተር ማሴኮ ያተመላትን ወረቀት አወጣችና ዘረጋችው። በበዓሉ ቀን የተመዘገበ ጠንከር ያለ ንዝረት አንድ ብቻ ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን ይላል፤ የመዘገበችው ፍሬገነት ናት። አቢሶ ግን መኪናው የተወዛወዘበት ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

«ሙደሲር፣ ሽማግሌው ሰዓት የሚጽፈው በማን ሰዓት ነው?»

ሙደሲር ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ፈለገ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። ሠራተኞቹ የሚያዩት ስክሪን ወደዚህ ሰዓት ይለውጥላቸዋል፤ ጥሬው መዝገብ ግን ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ያለው እኩለ ቀን እዚህ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ፍሬገነት ምድር ቤት ተቀምጣ ቁልፉን እየተጫነች ነበር።

የአለምወርቅ ከዚያ በቀጥታ ዶክተር ማሴኮ ቢሮ ሄደች። ያን ቀን ፊቱን ለምን እንዳዞረ አሁን ገብቷታል፤ አልተቀመጠችም።

«ኢዮኤል ስለ መስመሩ ነግሮህ ነበር።»

ዶክተሩ አልካደም። «ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት። ቁጥሩን ወዲያውኑ አወጣነው። ለሟቾቹ ቤተሰቦች ግን ጠበቃ እስክናማክር አትናገር አልኩት።»

«ምን መለሰልህ?»

«‹አንደኛዋ ከእግሬ ሥር ነው የምትቀመጠው› አለኝ። ‹ጠዋት ጠዋት ምን ብዬ ሰላም ልበላት?›»

*

ፍሬገነት በሩን ስትከፍት የአለምወርቅን ፊት አየችና ከመንገዱ ገለል አለች። ወደ ውስጥ ገብታ ከቁም ሣጥኑ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ላፕቶፑ ነው።

«ልከፍተው አልቻልኩም» አለች። «ለጠበቃ ልሰጠው ነበር። ማስረጃው እዚህ ውስጥ ነው።»

«የምን ማስረጃ ፍሬገነት?»

«አቢይን ማን እንደገደለው።» ተቀመጠች። ድምፅዋ ሕይወት አልነበረውም። «በበዓሉ ‹ሥራሽን ስትጨርሺ አትሂጂ፣ የምነግርሽ አለ› አለኝ። ጠበቅኩት። እናቱን ሲያነጋግር በጣም ቆየ። ከዚያ ንዝረት መጣ፤ መዘገብኩና ወደ ላይ ወጣሁ። ‹ሳይረኑ ያልጮኸበትን ምክንያት አግኝቻለሁ› አለኝ። መስመሩን አሳየኝ። በግማሽ ይቀንሳል አለኝ። እኔ ግን ከጎኑ ያለውን ስም አየሁ። ቀኑን አየሁ። ‹ይሄ ስም ያንተ ነው?› አልኩት። ‹አዎ የኔ ነው፣ ግን ተቀመጪ› አለኝ።»

«አልተቀመጥሽም።»

«እንዴት ልቀመጥ? ሁለት ዓመት ሙሉ እያለቀስኩ እሱ ነው ያጽናናኝ! የቀብሩ ቀን ክንዴን ይዞ ያስኬደኝ እሱ ነው! ላፕቶፑን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃው ጋ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ። ‹ተቀመጪ፣ እባክሽ፣ ጨርሼ ልንገርሽ› ይላል። አትንካኝ ብዬ ገፋሁት።» እጇን ተመለከተች። «ልጥለው አልነበረም እትዬ። ብረቱ አላቆመውም።»

ወርዳ እንዳገኘችው ተናገረች። ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። ከደነቻቸው። መነጽሩን አነሳችለት። ከዚያ በመኪና ማቆሚያው በኩል ወጥታ የባሏ መቃብር ላይ እስኪመሽ ተቀመጠች።

«አቢይን ‹አገኘሁልህ› አልኩት» አለች።

የአለምወርቅ ብዙ ወንጀለኛ ይዛለች፤ እንደዚህ የከበዳት ግን የለም። ለፍሬገነት የቀራት ነገር ያ ስም ብቻ ነው። ዝም ብላ ብታስራት ትችላለች። ፍርድ ቤት ትስማው፤ ከጠበቃዋ ትስማው። ነገር ግን ኢዮኤል ሊናገር ጀምሮ ያልጨረሰው ነገር አለ፤ ሌላ የሚጨርስለት ሰው ደግሞ የለም።

«ፍሬገነት» አለች፣ እጇን ይዛ። «መስመሩን የጻፈው እሱ አይደለም።»

ሁሉንም ነገረቻት። የመጀመሪያውን ሰውዬ፣ የድሮዎቹን መሣሪያዎች፣ የተረሳውን ቁጥር። ኢዮኤል መስመሩን ከቦታ ቦታ ማዛወሩን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ማንም ያላየውን ስህተት ያገኘው እሱ መሆኑን። ዝም በል ሲሉት እምቢ ብሎ እሷን መጥራቱን።

ፍሬገነት ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አዳመጠች። መጨረሻ ላይ፦

«ስሙ ታዲያ ለምን እዚያ ተጻፈ?»

«ኮምፒውተሩ መጨረሻ የነካውን ብቻ ነው የሚጽፈው።»

«መጨረሻ የነካውን» አለች ፍሬገነት።

ከዚያ ነው ጩኸቱ የመጣው። ጎረቤቶች በር እስኪያንኳኩ ድረስ ጮኸች። የአለምወርቅ ካቴናውን አላወጣችም። ወለሉ ላይ አብራት ተቀምጣ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ትከሻዋን ይዛ ቆየች።

*

አቢሶ አስከሬኑን ይዞ ወደ ሀገር ቤት ከመሄዱ በፊት የአለምወርቅ ቶኮዛ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ ሰማት። ገዳይዋን ይረግማታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን «ፍሬገነት? ለፋሲካ ቤቷ የጠራችን?» አለ።

ዶክተር ማሴኮ በበኩሉ ጠበቃ አልጠበቀም፤ ወይም የአለምወርቅ እንዲጠብቅ አልፈቀደችለትም። በወሩ መጨረሻ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ባለችው የማዕድን ሠፈር አዳራሽ ውስጥ የሟቾቹ ቤተሰቦች ተሰበሰቡ። ከሌሴቶ በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ፤ ከሞዛምቢክ የመጡም ነበሩ። አንዱ፣ የአቢይ ሚስት ወንበር፣ ባዶ ነበር። ዶክተሩ ቆሞ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ ስለ መስመሩ ተናገረ። ስህተቱ የማዕከሉ እንደሆነ፣ ልጆቻችሁ ሊድኑ ይችሉ እንደነበር ሲናገር ድምፁ ብዙ ጊዜ ተቋረጠ።

አዳራሹ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ተሰማ።

ከፊት ረድፍ አንድ ብርድ ልብስ የደረበ ሽማግሌ በዱላው ተደግፎ ተነሳ። ከሟቾቹ አንዱ ልጁ ነው።

«አጣሪዎቹ የተፈጥሮ ነው ብለውን ነበር» አለ። «እግዜር ነው የወሰደብኝ ብዬ ሁለት ዓመት ከእግዜር ጋር ተጣልቼ ኖርኩ። ይህን ነገር ፈልጎ ያገኘው ሰው ማን ነው? እዚህ አለ? እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ።»

ዶክተር ማሴኮ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌው ዓይኑን ከፊት ወደ ፊት እያዞረ ይፈልግ ጀመር።

የአለምወርቅ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ከቆመችበት ተነቃነቀች። ወንበሮቹን አልፋ እስከ ፊት ሄደች። ሽማግሌው ሲያያት እጁን ዘረጋ፤ እሷ መስላው።

«እኔ አይደለሁም አባቴ» አለችው በዙሉኛ። «ሞቷል።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «መቼ?»

«ይህን ለእናንተ ሊናገር ሲል።»

ሽማግሌው ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልገባውም። ግን ዱላውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስሙን ንገሪኝ።»

ነገረችው። ለአፉ እንግዳ ስለሆነበት ሰበረው። ደገመችለት። ከኋላው የተቀመጠችው ሴትም ሞከረችው፤ ከዚያ ሌላዋ። የአለምወርቅ ለእያንዳንዳቸው ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ ፊደሉን እየለየች ትነግራቸው ጀመር።